ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በቃል አይያዝም

ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ውስጥ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ጠይቁ፤ ስለ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚሰጣችሁ ፍርድ ተመሳሳይ ነው። ሒሳብ ልምምድ ይፈልጋል፣ ፊዚክስ ማሰብ ይፈልጋል፣ ኦርጋኒክ ግን ሽምደዳ ነው። ታላቅ ወንድም ለታናሹ የሚያወርሰው ምክር ይኸው ነው። አስጠኚውም የሪአክሽን ዝርዝር በአንድ ገጽ አባዝቶ የሚሰጠው ይህንኑ አምኖ ነው። ጉብሬ ወደሚገኘው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የዘለቀውም ልጅ ፍርዱን ይዞት ይገባል፤ ብዙ ጊዜም ይዞት ይወጣል።

ይህ አመለካከት የቆመው በሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ምክንያት የማይጠየቅበት የሪአክሽን መዝገብ ነው ይላል። ሁለተኛ፣ መዝገቡ የተጻፈው ከእኛ ኑሮ ውጭ ስለሆነና ላብራቶሪውም ስለሌለ፣ በጉራጌ ከተሞች ያለ ተማሪ መዝገቡን ከመያዝ ሌላ አማራጭ የለውም ይላል። ሁለቱንም አልቀበልም። ክርክሬን ግን በጠቅላላ ንግግር አላደርገውም። አንድ ሪአክሽን ልውሰድ፣ ያውም ተማሪው «ይቺስ አንድ መስመር ናት» ብሎ በፍጥነት የሚያልፋትን።

ሪአክሽኑ ዲካርቦክሲሌሽን ይባላል። አሮማቲክ ቀለበት ላይ የተቀመጠ የካርቦክሲል ክፍል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ሲለቅና ቦታውን ሃይድሮጅን ሲይዘው ማለት ነው። በደብተሩ ላይ የምትገኘው መስመር እንዲህ የምትል ናት፦ ሶዲየም ቤንዞኤት ከሶዳ ላይም (ኖራ ያለበት ድብልቅ) ጋር ሲሞቅ ቤንዝን ይሰጣል። (ቤንዝን ስል የማደያውን ቤንዚን ማለቴ አይደለም፤ ስድስት ካርቦንና ስድስት ሃይድሮጅን ያለውን ንጥረ ነገር ነው።) ተማሪው ከዚች መስመር የሚያወጣው ሕግ ግልጽ ነው፤ አሮማቲክ አሲድ አሙቅ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል። ፈተና ላይ ቢመጣ መልሱን ያጠቁራል።

ሕጉ ግን እንዲህ ሆኖ ሲያዝ ውሸት ነው። ቤንዞይክ አሲድን ለብቻው አሙቁት፦ በ122 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ በ249 ዲግሪ ይፈላል፣ ተንኖ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያው ቤንዞይክ አሲድ ነው። የካርቦክሲል ክፍሉ ንቅንቅ አላለም። በአንጻሩ ከካርቦክሲሉ ጎን አንድ ሃይድሮክሲል የጨመረውን ሳሊሲሊክ አሲድን ብታሞቁ 200 ዲግሪ አካባቢ ይፈርስና ፌኖልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በቦታ 2፣ 4 እና 6 ላይ ሦስት ሃይድሮክሲል ያለው አሲድ ደግሞ እሳት እንኳ አያስፈልገውም፤ የፈላ ውኃ ይበቃዋል። ሃይድሮክሲሎቹን በሦስት ናይትሮ ብትተኩ፣ ማለትም በባሕርዩ ፍጹም ተቃራኒ በሆነ ነገር፣ ያም በሞቀ ውኃ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቃል። አራቱም «አሮማቲክ ካርቦክሲሊክ አሲድ» ናቸው። የሸመደደው ልጅ ለአራቱም አንድ መልስ አለው። ቢበዛ አራት መስመር ይሸመድድ ይሆናል፤ አምስተኛው አሲድ ሲመጣበት ግን ባዶ እጁን ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲሄድ፣ ካርቦክሲሉን ከቀለበቱ ጋር አስረውት የነበሩት ሁለት ኤሌክትሮኖች የት ይቀራሉ? ጥያቄው ይህ ብቻ ነው። ለእኔ የዚህ ሪአክሽን ትምህርት ሁሉ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነው።

ኤሌክትሮኖቹ ቀለበቱ ላይ ይቀራሉ። ቤንዞኤት ላይ ግን የሚቀሩበት ቦታ አይመቻቸውም። የቀለበቱ የጋራ ኤሌክትሮኖች ከቀለበቱ ገጽ በላይና በታች ተዘርግተዋል፤ እነዚህ የተተዉት ሁለቱ ደግሞ በራሱ በገጹ ውስጥ ወደ ውጭ በሚያመለክት ኦርቢታል ላይ ናቸው። ስለማይገናኙ ቀለበቱ ሸክሙን ሊካፈል አይችልም። ቤንዞይክ አሲድ እስከ መፍላቱ ድረስ የሚጸናው ለዚህ ነው።

ከዚህ ችግር መውጫው ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከመሄዱ በፊት ፕሮቶን መጥቶ ካርቦክሲሉን በተሸከመው ካርቦን ላይ እንዲያርፍ ነው። ያን ጊዜ ቀለበቱ ለጥቂት ቅጽበት አሮማቲክነቱን አጥቶ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይሸከማል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲለቅ የተተዉት ኤሌክትሮኖች ያንን ጉድለት ሞልተው ቀለበቱን ወደ ቀድሞ ጽናቱ ይመልሱታል። ይህ መንገድ የሚቀናው ፖዘቲቭ ቻርጁን የሚደግፍ ኤሌክትሮን ለጋሽ ሲኖር ነው። የሳሊሲሊክ አሲድ ሃይድሮክሲል ሥራው ይህ ነው፤ ሦስት ሃይድሮክሲል ሲሆኑ ደግሞ የፈላ ውኃ ለምን እንደበቃ አሁን ማንም አይነግራችሁ፤ ራሳችሁ አገኛችሁት። ሁለተኛው መውጫ የዚህ ግልባጭ ነው። ቀለበቱ በጣም ኤሌክትሮን የተራበ ከሆነ፣ እንደ ሦስቱ ናይትሮ ማለት ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አስቀድሞ ይሄዳል፤ የቀረውን ኔጌቲቭ ቻርጅ ቀለበቱ ይታገሠዋል፤ ፕሮቶኑ በኋላ ይደርሳል። ሁለት ተቃራኒ ነገሮች አንድ ውጤት የሚሰጡት በሁለት የተለያየ መንገድ ስለሚሄዱ ነው።

ይህንን ለማስረዳት ላብራቶሪ አስፈልጎኛል? ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል። ኮምፒውተር አላስፈለገም፣ የውጭ ምንዛሪ አልጠየቀም። ያስፈለገው መምህሩ «ያዙት» በሚልበት ቦታ «ኤሌክትሮኖቹ የት ሄዱ?» ብሎ እንዲጠይቅ ብቻ ነው። የትምህርት ጥራት ሲነሳ ሁልጊዜ ስለ በጀት ብቻ የሚያወሩ ሰዎች ይህንን ቢመልሱልኝ እወዳለሁ።

ሪአክሽኑን ለዓለም ያስተዋወቁት ሰዎችም መዝገብ ሲያነብቡ አልነበረም። ስዊድናዊው ካርል ሼለ እ.ኤ.አ. በ1786 ጋሊክ አሲድን አሙቆ ፓይሮጋሎልን አገኘ፤ እርሱም ያው ዲካርቦክሲሌሽን ነው፣ የሼለ ዘመን ግን ስለ ካርቦክሲል የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ማይክል ፋራዴይ በ1825 ከመብራት ጋዝ ዝቃጭ ቤንዝንን ለየ። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናዊው አይልሃርድ ሚቸርሊሽ ቤንዞይክ አሲድን ከኖራ ጋር አሙቆ ያንኑ ቤንዝን አገኘው። ልብ በሉ፣ ኖራ ነው። ሄርማን ኮልበ ደግሞ በ1860 ነገሩን ወደ ኋላ አስኬደው፤ ፌኖልና ካርቦን ዳይኦክሳይድን አዋሕዶ ሳሊሲሊክ አሲድ ሠራ፤ አስፕሪን በፋብሪካ የሚሠራው በዚያ በኩል ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እንዴት እንደሚወጣ የገባው ሰው እንዴት እንደሚገባም ይገባዋል። የሸመደደው ግን ሁለቱን እንደ ሁለት የማይተዋወቁ መስመሮች ነው የሚይዛቸው።

ሁለተኛው ክስ ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ ይህ ሁሉ ከእኛ ኑሮ ጋር ምን አገናኘው የሚለው። ጠዋት ጠዋት ከየግቢው የሚወጣው የቡና ጭስ ዲካርቦክሲሌሽን አለበት። በቸሃም ሆነ በእነሞር ከእንሰቱ ጥላ ሥር የተለቀመ ቡና፣ ታጥቦ ምጣድ ላይ ሲወጣ፣ በውስጡ ሁለት ለጉዳያችን የሚሆኑ ነገሮች ይዟል።

አንደኛው ትሪጎኔሊን ነው፤ ከጥሬ ዐረቢካ ደረቅ ክብደት ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ይሆናል። ይህ ናይትሮጅን ያለበት አሮማቲክ ቀለበት ነው፤ ካርቦክሲሉ በቀጥታ ቀለበቱ ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1885 ከአብሽ ነው፤ ቡታጅራ ገበያ ላይ ተሰፍሮ ከሚሸጠው ከዚያው ከአብሽ። ቡናው 200 ዲግሪ አልፎ ሲጠቁር ትሪጎኔሊን በሁለት መንገድ ይፈርሳል። ከፊሉ ሜቲሉን ጥሎ ኒኮቲኒክ አሲድ ይሆናል፣ ይኸውም ቫይታሚን ቢ3 የምንለው ነው። ከፊሉ ደግሞ ካርቦክሲሉን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አድርጎ ይለቅና ሜቲልፒሪዲኒየም የተባለ ነገር ይሆናል፤ ተመራማሪዎች የአንድን ቡና አቆላል ለመለየት የሚለኩት አንዱ ምልክት ነው። አሁን ወደ ሁለቱ መውጫዎች ተመለሱ። በዚህ ቀለበት ላይ ናይትሮጅኑ ፖዘቲቭ ቻርጅ ተሸክሟል። ቀለበቱ ለጋሽ ነው ወይስ የተራበ? ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በየትኛው በር ይወጣል ብላችሁ ትገምታላችሁ? የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ይህንን ሊከራከርበት ይችላል፤ ያውም ለእናቱ ቡና ቆልቶ ከጨረሰ በኋላ።

ሁለተኛው የክሎሮጂኒክ አሲዶች ቡድን ነው። በጥሬ ዐረቢካ ውስጥ ከመቶ አምስት እስከ ስምንት እጅ ይደርሳሉ፤ ቡና በዚህ ከብዙ ተክሎች ይለያል። ሲቆላ ይፈርሱና ካፌይክና ፈሩሊክ አሲድ ይወጣቸዋል፤ እነዚህም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። ከፈሩሊክ የሚገኘው ቫይኒልጓያኮል ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል፤ ገፍቶ ሲሄድ ጓያኮል ይሆንና የጭስ ሽታ ያመጣል። ከካፌይክ የሚገኘው ቫይኒልካቴኮል ደግሞ እርስ በርሱ እየተያያዘ፣ ከልክ በላይ የተቆላ ቡና ላይ ምላስ የሚይዘውን መራራነት ከሚሰጡት ነገሮች አንዱን ይፈጥራል። ጀበና የምትጥደው እናት «ደርሷል» ብላ ምጣዱን ከእሳት የምታወርደው እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። ቀለሙን፣ መንጣጣቱን፣ ሽታውን ታያለች፤ የምትፈልገው ሽታ የሚወጣበትንና መራራው የሚጀምርበትን ጠባብ ቦታ ለይታ ታቆማለች። ሪአክሽን የት ላይ እንደሚቆም ማወቅ የኬሚስት ዋና ሙያ ነው። ይህች ሴት መነሻ ዕውቀት እንደሌላት አድርጎ ልጇን «ኬሚስትሪ ከቤትህ ውጭ ነው» ብሎ ማስተማር በደል ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

አንድ ጠንቃቃ የኬሚስትሪ መምህር እዚህ ላይ ያቆመኛል። የካፌይክና የፈሩሊክ ካርቦክሲል በቀጥታ ቀለበቱ ላይ አይደለም፤ በመሃል ሁለት ካርቦን አለ፤ ስለዚህ ምሳሌህ ከርእስህ ወጥቷል ይለኛል። መልካም ተቃውሞ ነው፤ እንዲህ ያለ መምህር ይብዛልን። መልሴም ይኸው ነው፦ ፕሮቶኑ የሚያርፈው አሁንም ካርቦክሲሉን በተሸከመው ካርቦን ላይ ነው። የሚፈጠረውን ፖዘቲቭ ቻርጅ በቀለበቱ ማዶ ጫፍ ላይ ያለው ሃይድሮክሲል በድርብ ትስስሩ በኩል አሻግሮ ይደግፈዋል። ስሙ ተለየ እንጂ መንገዱ የመጀመሪያው መውጫ ነው። ተማሪው ይህንን ዝምድና ራሱ ሲያየው የሚሰማውን ደስታ ያየ መምህር ወደ ዝርዝር ማስያዝ አይመለስም።

ሙከራ ይሁን ከተባለም ይቻላል። የቤት መቀቢያ ኖራ በውኃ በጥብጡ፣ አዝቅጡ፣ ከላይ የጠራውን ብቻ ቅዱ። ወዲያው የተቆላና የተወቀጠ ቡና በፕላስቲክ ጠርሙስ ከድናችሁ ቆይታችሁ፣ በውስጡ ያለውን አየር በቱቦ ወደ ኖራው ውኃ ግፉት። ውኃው ይደፈርሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ተማሪው «አየህ ዲካርቦክሲሌሽን!» ይላል። መምህሩ ደግሞ እንዳይስማማ አደራ እላለሁ። ከተቆላ ቡና የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዛኛው ከስኳሮችና ከአሚኖ አሲዶች መቃጠልና መዋሐድ የሚመጣ ነው፤ የእኛ አሲዶች ድርሻ ትንሽ ነው። ታዲያ የአሲዶቹን ለብቻ እንዴት እንለያለን? የፒኤች ወረቀት ካለ በስሱ የተቆላውንና ጠቁሮ የተቆላውን ቡና አነጻጽሩ፤ የጠቆረው አሲድነቱ ቀንሶ ታገኙታላችሁ። ይህስ ስለ የትኛው አሲድ ነው የሚነግረን? እንዲህ እንዲህ እየተባለ አንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። በሽምደዳ ያልተገኘ ዕውቀት የሚገኝበት አንድ ክፍለ ጊዜ።

እሳት የሚሠራውን ሥራ ያለ እሳት የሚሠሩም አሉ። ላክቶባሲለስ ፕላንታረም የተባለው ባክቴሪያ እነካፌይክንና ፈሩሊክን በኢንዛይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስለቅቃቸዋል፤ ምጣድ ላይ ብርቱ ሙቀት የሚጠይቀውን በክፍል ሙቀት ይፈጽመዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ የቆጮ ብሆት ጥናት ደግሞ ይህንኑ ባክቴሪያ በጉድጓዱ ውስጥ በኋለኛው ደረጃ ከሚበረቱት አንዱ ሆኖ አግኝቶታል። እንሰት በሚመደብበት የተክል ወገን ፈሩሊክ አሲድ ከሕዋስ ግድግዳ ጋር ተያይዞ ይገኛል። ባክቴሪያው አለ፣ አሲዱ አለ፣ ጉድጓዱ አለ። በቆጮ ሽታ ውስጥ ቫይኒልጓያኮል ምን ያህል ድርሻ አለው ከሚለው የተሻለ ርእስ ለጉብሬ የመመረቂያ ጽሑፍ አይገኝለትም። ከሌላ አገር መጽሔት የተቀዳ ርእስ የሚፈልግ አማካሪ ካለ፣ ከቢሮው ወጥቶ እንሰት የሚፋቅበት ጓሮ ድረስ ቢሄድ ይበጀዋል።

ይህ የማይሆን ምኞት አይደለም። ብርሃኑ አበጋዝና ተሾመ ከበደ የጌሾን ቅጠል መርምረው ጌሾይዲን የተባለውን መራራ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1995 በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ቡለቲን አሳትመዋል። ጌሾን ለዘመናት የምናውቀው ሰዎች ነን፤ እነርሱ ግን «ምኑ ነው የሚመረው?» ብለው ጠየቁ። ቡታጅራም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የገጠር ጤና ፕሮግራም በዙሪያዋ ቀበሌዎች ለዓመታት በሰበሰበው መረጃ ስሟ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች የታወቀ ከተማ ናት። ትንሽ ከተማ ለትልቅ ጥያቄ አይሆንም የሚለው በራሷ በቡታጅራ የተሻረ ነገር ነው።

የላብራቶሪ እጥረት እውነት ነው፤ አልክደውም፣ ኃላፊዎችንም ከተጠያቂነት ነፃ አላወጣም። በርካታ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ላብራቶሪ ተብሎ የተሠራው ክፍል መማሪያ ወይም ዕቃ ማከማቻ ሆኗል። ሆኖም እጥረቱ ሽምደዳን አይወልድም። ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ ተማሪው የሸመደዳትን ያችን መስመር ሙሉ ዕቃ ያለው ትምህርት ቤት እንኳ በክፍል ውስጥ ሊሠራት አይገባም። ቤንዝን ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ንጥረ ነገር ነው፤ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ከመጀመሪያው ምድብ አስቀምጦታል። ስንቱ ተማሪ ነው «ቤንዝን ይሰጣል» ብሎ ሲጽፍ ይህንን የሚያውቀው? መስመሩን ያስያዘው ሰው ስለ ንጥረ ነገሩ አልነገረውም፤ ንጥረ ነገሩ በፈተና ወረቀት ላይ ፊደል ብቻ ነው የሆነበት።

ጉዳዩ ደግሞ ከፈተና ያልፋል። ሶዲየም ቤንዞኤት በሱቅ መደርደሪያ ላይ አለ፤ በለስላሳና በጭማቂ መጠጦች ጀርባ ላይ ኢ 211 ተብሎ የሚጻፈው ማቆያ ነው። ቫይታሚን ሲ ካለበት መጠጥ ጋር ሲሆን፣ ጥቂት የብረት ወይም የመዳብ ርዝራዥ ካገኘ፣ ከኦክስጅን ጋር ሃይድሮክሲል ራዲካል ይፈጠራል፤ ያ ራዲካል ቤንዞኤቱን ያጠቃውና ካርቦክሲሉን ያስለቅቀዋል። የሚቀረው ቤንዝን ነው። ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን ያፋጥኑታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ይህንን እ.ኤ.አ. በ1990 ደረሰበት፤ በ2006 ዳግም ሲመረምር ጥቂት መጠጦች ውስጥ በመጠጥ ውኃ ላይ ከተፈቀደው በሊትር 5 ማይክሮግራም በላይ ስላገኘ አምራቾቹ ቀመራቸውን አስተካከሉ። መጠኑ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው፤ ሰው እንዲደነግጥ አልፈልግም። የምፈልገው ሳጥን ሙሉ መጠጥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚያውለው ባለሱቅ ልጅ፣ ትምህርት ቤት የተማረው ነገር ከሳጥኑ ጋር እንደሚገናኝ እንዲያውቅ ነው። ሽምደዳ እዚህ ምንም አያደርግለትም፤ እንዲያውም ያሳስተዋል፤ ዲካርቦክሲሌሽን ያለ ብርቱ እሳት አይሆንም ብሎ ነው የያዘው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ ፈተናው ነው። «አንተ ስለ ኤሌክትሮን ስታወራ ልጁ ፈተና ይወድቃል» ይላሉ ወላጆች፣ ፍርሃታቸውንም እረዳለሁ። ነገር ግን ሽምደዳ ልጆቹን አላሳለፋቸውም። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስዶ መኮራረጅ በተገደበበት በ2014 ዓ.ም. ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት ይደረደራል፤ ጦርነት፣ ኮቪድ፣ የመምህራን ኑሮ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። የሚሸመደድ ዝርዝር ግን በዚያ ዘመን አልጎደለም፤ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ሞልቶ ነበር።

«ባህላችን የቃል ትምህርት ነው» የሚሉትንም አልቀበልም፤ ባህሉን ገና በግማሹ ነው የሚያውቁት። የቤተ ክህነት ተማሪ ዳዊቱን በቃሉ ይደግማል፣ ግሡን ይይዛል፣ እውነት ነው። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን በየቀኑ አዲስ ቅኔ መቁጠር አለበት፤ የሌላውን ደግሞ ቢያቀርብ መምህሩ አይቀበለውም። የተያዘው ግሥ የሚፈለገው ላልተሰማ ቅኔ ነው። አብሬት ሄዶ ቁርኣን የሐፈዘ ደረሳም በዚያ አያበቃም፤ ነሕውና ፊቅህ ሲቀራ «ይህ ብይን ከየት መጣ? ማስረጃው ምንድን ነው?» ይባላል። እነዚህ አባቶችና ሸሆች ቃልን የሚያስይዙት ለክርክር ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከእነርሱ መያዙን ብቻ ወሰደና ክርክሩን ጣለው፤ ከዚያ ጥፋቱን በባህል ላይ አላከከ።

የኬሚስትሪ ተማሪም መያዝ ያለበት ነገር አለ። የሃይድሮክሲልና የናይትሮን ጠባይ፣ የፕሮቶንን ነገር፣ የቀለበቱን ጽናት በቃሉ ይያዝ። ጥቂት ነገር ነው፤ የቀረው ከዚያ የሚወጣ ነው። ምርጫ ጥያቄም ቢሆን በዚህ መንገድ ሊወጣ ይችላል፣ «መጠየቂያው ምርጫ ስለሆነ ነው» ማለት ሰበብ ነው። እነሆ ለወልቂጤና ለቡታጅራ መምህራን፣ ዘንድሮ ለሙከራ ፈተና የሚሆን፦ ቀለበቱ ላይ አንድ ካርቦክሲልና አንድ ሃይድሮክሲል ያላቸው ሦስት አሲዶች ተሰጥተዋል፤ ሃይድሮክሲሉ በአንደኛው በቦታ 2፣ በሁለተኛው በቦታ 3፣ በሦስተኛው በቦታ 4 ላይ ነው። ሲሞቁ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አጥብቆ የሚይዘው የትኛው ነው? ሸምዳጁ በደብተሩ ውስጥ አያገኘውም። ሁለቱን መውጫዎች የተረዳው ግን ፕሮቶኑን ካርቦክሲሉ ያለበት ካርቦን ላይ ያሳርፈዋል፤ ፖዘቲቭ ቻርጁ በቦታ 2፣ 4 እና 6 ላይ እንደሚታይ ይሥላል፤ በቦታ 3 ላይ ያለው ሃይድሮክሲል ሊደግፈው እንደማይደርስ ያያል፤ ከዚያም ሁለተኛውን ይመርጣል።